ጥቆማ፦ ጎንደር ላይ ጋዜጠኝነት ለሚማር ምን ይገዛ? የት ይታተም? የት ይለመድ?

ጥያቄ፦

ሰላም የጎንደር ልጆች። ታናሽ እህቴ ፍሬሽማን ጨርሳ ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ደርሷታል። ማራኪ ግቢ ናት። ከደረሳት ቀን ጀምሮ ግን ቤቱን አምሳዋለች። «ካሜራ ካልተገዛልኝ እንዴት እማራለሁ» ትላለች። አባታችን አንዱን በሬ ሊሸጥ አስቧል። ካሜራ ይሻላል ወይስ ላፕቶፕ? ለሕትመት፣ ለኢንተርኔት፣ ለልምምድስ የት ይሻላል? የምታውቁ ጠቁሙን።

መልስ፣ ከአንዲት ምሩቅ፦

ወንድሜ፣ በሬው ይቆይ።

እኔም እንደ እህትህ ነበርኩ። ሁለተኛ ዓመት ላይ በአጎቴ ገንዘብ ካሜራ ገዛሁ። አንድ ሰሚስተር ሙሉ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ፋሲል ግንብ አካባቢ ዞርኩበት። የሠራሁት ሥራ ቢቆጠር የጓደኞቼ የልደት ፎቶ ብቻ ነው። ከዚያ የሬዲዮ አሳይመንት መጣ። ጃንተከል ዋርካ ሥር አንድ አዛውንት አገኘሁ። አርባ ደቂቃ አወሩኝ፣ ማር የሆነ ወሬ። ዶርም ገብቼ ስሰማው የሰማሁት ባጃጅ ነው። አዛውንቱ ከባጃጁ ኋላ ሆነው የሚያጉረመርሙ ይመስላሉ። ተመልሼ ብሄድ አላገኘኋቸውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ድምፅ ግዙላት። ሰው የደበዘዘ ምስል ይታገሣል። የማይሰማ ድምፅ ግን ሁለት ደቂቃ አይታገሥም።

ማይክ፦ ባለ ገመዱን ቦያ ኤም ዋን ነው የምጠቁመው። ኮሌታ ላይ የሚሰካው ትንሹ። ገመዱ 6 ሜትር ነው፣ ሲጠቀለል ያሰለቻል፣ ግን ይሠራል። ማብሪያው ላይ ሁለት ምርጫ አለ፣ ለስልክና ለካሜራ። በስልክ ስትቀዳ ባትሪ አይፈልግም፣ በካሜራ ሲሆን ግን ትንሿን ክብ ባትሪ ይፈልጋል። ብዙ ሰው «ተበላሸ» ብሎ የሚጥለው ማብሪያውን በተሳሳተ በኩል አድርጎት ነው። ማይኩ ከሁሉም አቅጣጫ ድምፅ ስለሚስብ ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ይሰካ። ራቅ ካለ ባጃጁ ይመጣል።

ገመድ አልባዎቹ ርካሽ ማይኮች አሁን በየሱቁ ሞልተዋል። ቻርጀር በሚሰካበት ቀዳዳ የሚገቡት ማለቴ ነው። ለቲክቶክ ጥሩ ናቸው። ለሬዲዮ ግን አልመክርም። ጫጫታ ሲያጠፉ የሰውየውንም ድምፅ አብረው ያቀጥኑታል። ባትሪያቸውም ቃለ መጠይቁ ሲጥም ነው የሚያልቀው።

የት ይገዛ? እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ወይስ በቴሌግራም ከአዲስ አበባ? አዲስ አበባ ይረክሳል፣ አልዋሽም። ግን አስመስለው የተሠሩ ማይኮች ብዙ ናቸው። ሳትሞክረው ገዝተህ በአውቶቡስ ተልኮልህ ቢበላሽ ማንን ትከሳለህ? ማይክ ከሆነ ፒያሳ ይገዛ። የራሷን ስልክ ይዛ ትሂድ። ስልኳ የድሮው ክብ የማዳመጫ ቀዳዳ ከሌለው ማገናኛውን አብራ ትግዛ። እዚያው ሱቁ በር ላይ ቆማ ትቅዳ፣ ገመዱን እያወዛወዘች ትስማ። ከተንኮሻኮሸ ትመልሰው። ባለሱቁ ፊቱን ቢያጠቁርም አትፈር።

ዋጋ አልጽፍም። ብር በሐምሌ 2016 ከተንሳፈፈ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ውሸት ያደርገኛል።

ስቱዲዮ ለሚያምረው ደግሞ ጋቢ አለ። የምሬን ነው። የዶርም ግድግዳ ሲሚንቶ ስለሆነ ድምፅ ያስተጋባል። ጋቢውን ከነጭንቅላትሽ ተከናንበሽ ስታነቢ ማስተጋባቱ ይጠፋል። የመመረቂያ ፕሮግራሜን ትረካ በሙሉ ጋቢ ውስጥ ነው የቀዳሁት። ግንቦት ላይ ግን ይሞቃል።

ላፕቶፕ፦ ያገለገለ ይበቃታል። ሜሞሪው 8 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን። ከሁሉ በፊት ባትሪውን እዩ። መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ የሚጠፋ ላፕቶፕ ዴስክቶፕ ነው። ለድምፅ መቁረጫ ኦዳሲቲ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይም ይሄዳል። ለቪዲዮ ስልኳ ላይ ካፕከት ትጀምር። ዳቪንቺ ሪዞልቭም ነፃ አለው፣ ግን ደካማ ላፕቶፕ ላይ ሲጫን አውሮፕላን የሚነሳ ነው የሚመስለው።

ሕትመት፦ እዚህ ላይ ቁስል አለኝ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሠላሳ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ በድሮው የፓወር ግዕዝ ፊደል ጽፌ በፍላሽ ይዤ ሄድኩ። ስሙን የማልጠራው ማተሚያ ቤት ፊደሉ አልነበረውም። ልጁም ሳያይ አተመው። ሠላሳ ገጽ የእንግሊዝኛ ፊደልና የቅንፍ ድብልቅ! ሂሳቡን አስከፈለኝ። የማስረከቢያው ቀን ነበር።

ስለዚህ በዩኒኮድ ትጻፍ፣ በየኮምፒውተሩ በሚነበበው የፊደል ሥርዓት ማለቴ ነው። ኢብሪማ የሚባለው የዩኒኮድ ፊደል ዊንዶውስ ላይ አለ። ስልክ ላይ ጂቦርድ አማርኛ አለው፣ እየተናገርክ የሚጽፍም አለው። ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ ስትገለብጥ ራሷ ሰውየው ያለውን እየደገመች ብትናገርለት ጊዜ ይቆጥባል፣ ስህተቱን ማረም ግን የሷ ነው። ሲያልቅ ሁልጊዜ ወደ ፒዲኤፍ ቀይራ ትውሰድ። ከግቢ በር ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ለሃንድአውት ይበቃሉ፣ ርካሽም ናቸው። ለጥናት ጽሑፍ፣ ለቀለምና ለጥረዛ ወደ ፒያሳ ትውጣ። በማስረከቢያ ሳምንት ግን ሁለቱም ጋ ሰልፍ ነው፣ ሦስት ቀን ትቅደም።

ኢንተርኔት፦ ቴሌም ሳፋሪኮምም ከተማ ውስጥ አሉ። የትኛው እንደሚሻል እንደ ሕንጻው ይለያያል። ዶርሟ ውስጥ የጓደኛ ሲም ተውሳ ትሞክር። ዋናው ምክሬ ግን ሌላ ነው። በ2015 መጨረሻ ክልሉ ላይ ሞባይል ዳታ ተቋርጦ ወራት ሲቆይ፣ ሁሉን ነገር ቴሌግራም ላይ ያስቀመጠ ተማሪ ባዶ እጁን ቀረ። ሃንድአውቱም ድምፁም በፍላሽ አንድ ቅጂ ይኑራት።

አስተያየት፣ ከአንድ የሠርግ ካሜራማን፦

እታለም፣ በካሜራ ላይ ዘመትሽበትሳ! እኔ ያው ዲፓርትመንት ነው የተማርኩት። ካሜራዬ ነው ቤት ኪራዬን የከፈለው። ቅዳሜና እሑድ ሠርግ፣ ከሰኞ ክላስ። ማይክ ሆድ አይሞላም።

መልስ፦

ወንድምዓለም፣ እንጀራህን አልነካሁም። ለሠርግ የሚሠራ ሰው ይግዛ። ልጅቷ ግን የምትፈልገው ለሁለት አሳይመንት ነው። ለዚያ መከራየት ነው። እስቲ አንተ ንገራቸው፣ ኪራዩ እንዴት ነው?

አስተያየት፣ ከካሜራማኑ፦

እሱ እውነት ነው። ፎቶ ቤቶች ያከራያሉ፣ መታወቂያና መያዣ ትተዪ ማለት ነው። ሦስት ነገር ልንገር። ስትረከቢ እዚያው አንሥተሽ እዪ፣ ሌንሱ ላይ ጭረት ካለ ፎቶ አንሥተሽ ያዢ። ሁለት ባትሪ ጠይቂ። ጥር ላይ አትምጪ! ጥር የሠርግ ወር ነው፣ በ11 ደግሞ ጥምቀት አለ። በዚያ ሰሞን ለእናቴም አላከራይም። ድሮን የሚያምራት ካለች በፈቃድ እንጂ በወኔ አይሆንም፣ ይወረሳል።

አስተያየት፣ ከአንድ ወላጅ፦

ልጆቼ፣ እኔ ደግሞ ወንዱ ልጄ ነጥቡ አልመጣለት ብሎ የግል ኮሌጅ ልናስገባው ነው። በማታ ይማራል። ለእሱስ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦

እናቴ፣ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ። «እውቅና አለን» ሲሏችሁ «ለየትኛው?» ይበሏቸው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለም። ለትምህርት ዘርፉ፣ ለካምፓሱና ለአሰጣጡ ነው። አካውንቲንግ ላይ እውቅና ያለው ኮሌጅ ጋዜጠኝነት ላይ ላይኖረው ይችላል። አዲስ አበባ ያለው ቅርንጫፍ ስለተፈቀደለት የጎንደሩ ተፈቀደለት ማለት አይደለም። ለቀን የተፈቀደውም ለርቀት አይሆንም። ወረቀቱን አሳዩኝ ይበሉ፣ አያፍሩ።

የመውጫ ፈተናውም የመንግሥት የግል አይልም። ከ2015 ጀምሮ የዲግሪ ተማሪ ሁሉ ይፈተናል፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የድሮ ሃንድአውት ገዝቶ እንዳያጠና ይንገሩት። የመገናኛ ብዙኃን አዋጁ 1238/2013 ነው፣ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃው ደግሞ 1185/2012። የቀድሞውን የ590/2000 አዋጅ ብቻ ይዞ የቀረ ሃንድአውት ዛሬም በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ይሸጣል። አዋጆቹ በፒዲኤፍ በነፃ ይገኛሉ። ከሕገ መንግሥቱ ሐሳብን ስለ መግለጽ ነፃነት የሚናገረውን አንቀጽ 29 ከእነርሱ ጋር አስተያይቶ ያንብብ።

ጥያቄ፣ ከጠያቂው፦

ልምምዱስ? ሬዲዮ ጣቢያ ሄዳ ብትለማመድ ይሻላል ወይስ የሆነ መሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት?

መልስ፦

ይኼን ነው መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብህ።

ጎንደር ላይ አሚኮም (የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን) ፋናም ሬዲዮ አላቸው። ሕዝብ ግንኙነት ቢሮ ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ አለ። ሕዝብ ግንኙነት ጋ ወንበር ታገኛለች፣ ዋይፋይ ታገኛለች፣ ስብሰባ ላይ ምሳም አይጠፋም። ግን አንድ ዓይነት ዜና ነው የምትጽፈው፦ ኃላፊው ጎበኙ፣ ኃላፊው ገለጹ። ሬዲዮ ጣቢያ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ሻይ ታመጣለች፣ የሰው ድምፅ ትቆርጣለች። ከዚያ አንድ ቀን ሪፖርተር ይጎድልና «አንቺ፣ ነይ እስቲ» ትባላለች። እኔ ለዚያች ቀን ስል ሬዲዮን እመርጣለሁ። የሰዓት ግፊቱን ሌላ ቦታ አይማሩትም። ማመልከቻውን ግን ከዲፓርትመንት አስጽፋ ቀደም ብላ ታስገባ። እስከዚያው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሚኒ ሚዲያ አላቸው። ሄዳ ልጆቹን ብታግዝ ማንም እምቢ አይላትም። በእረፍት ሰዓት የሚጮኽ ተማሪ ፊት ያነበበ ሰው ሌላ አድማጭ አይፈራም።

አሁን ደግሞ ማንም የማይነግራትን ልንገራት። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ሥራው በአማርኛ። መምህሩ ስለ ሊድ፣ ስለ ዜናው መግቢያ ማለት ነው፣ ሲያስተምር ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት ይላል። ልክ ነው። ግን እንግሊዝኛ ግሡን ከባለቤቱ አጠገብ ነው የሚያስቀምጠው። የኛ ግሥ መጨረሻ ነው የሚመጣ። ስድስቱንም አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከጠቀጠቀቻቸው፣ አድማጩ ምን እንደሆነ የሚያውቀው የሷ ትንፋሽ ካለቀ በኋላ ነው።

ለምሳሌ እንዲህ ብላ ትጽፋለች፦ «በተለያዩ ምክንያቶች ለሦስት ሳምንታት ተቋርጦ የነበረው የሠፈሩ የውኃ አቅርቦት በተደረገው ከፍተኛ ርብርብ ከትናንት ጀምሮ ወደ አገልግሎት መመለሱ ተገለጸ።» ማን ገለጸ? ምን ዓይነት ምክንያት? እናቴ ይኼን በሬዲዮ ብትሰማ ሽንኩርቷን እየከተፈች «ምን አለ?» ብላ ነው የምትጠይቀኝ። «የሠፈሩ ውኃ ትናንት መጣ። ሦስት ሳምንት ጠፍቶ ነበር» ቢባል ግን ባልዲዋን ታነሣለች። ቀጥሎ ለምን እንደጠፋ የተናገረውን ሰው ከነሥራ ድርሻው መጥራት ነው።

እኔ ይኼን የተማርኩት በጋዜጣ ነው፣ በነፃ። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የባሕር ዳሩን በኩርና ከ1933 ጀምሮ ያለውን አዲስ ዘመን ጎን ለጎን እዘረጋለሁ። «ተገለጸ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ተመላከተ» የሚለውን ሁሉ በእርሳስ ማስታወሻዬ ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ባለቤት ፈልጌ መልሼ እጽፈዋለሁ። ባለቤቱ ከጠፋ ዜናውም ጎደሎ ነበር ማለት ነው። በቀን አንድ ዜና ይበቃል። ዓመት ሙሉ ሠራሁት ማለት ግን አልችልም፣ ፈተና ሲመጣ አቆማለሁ።

አስተያየት፣ ከጠያቂው፣ ከአሥር ቀን በኋላ፦

በሬው ተርፏል። ባለ ገመዱን ማይክ ከፒያሳ ገዛን። ሱቁ በር ላይ ቆማ ገመዱን ስታወዛውዝ ባለሱቁ «እህቴ፣ እባብ አደረግሽው እኮ» አላት። ሁለተኛው ላይ ነው ደህናው የተገኘ። የመጀመሪያ ቃለ መጠይቋን ከአባታችን ጋር አደረገች፣ ስለ በሬው። ጋቢ አልብሳው ነው የቀዳችው፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ። ላብ በላብ ሆኖ ወጣ። እንድትሰሚው በቴሌግራም ልላክልሽ?

መልስ፦

ላክልኝ። ግን እንደ ፋይል፣ በድምፅ መልእክት አይደለም፣ ጥራቱን ይቀንሰዋል። አባባንም ሰላም በልልኝ።