«አፈር ስሆን» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጥያቄ፦ እናት ከሜሪላንድ

ባለፈው ወር እናቴ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀን መጥታ ነበር። አንድ ምሽት ራት ላይ የስምንት ዓመቱ ልጄ ጠገብሁ ብሎ ፊቱን ሲያዞር፥ በሽሮ የራሰውን ጉርሻ ጠቅልላ እጇን ከአፉ ፊት እንደዘረጋች «አፈር ስሆን፥ ይችን ብቻ» አለችው። ልጁም ጎረሰ፤ እንደዋጠ ግን ወደ እኔ ዞሮ «አያቴ ለምንድን ነው አፈር የምትሆነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስናገረው የኖርሁትን ቃል ማስረዳት አቃተኝ። «ስለምትወድህ ነው» ብዬ አለፍሁት፤ መልሱ ግን እኔንም አላረካኝም። በዘፍጥረት 3፥19 «አፈር ነህና፥ ወደ አፈርም ትመለሳለህና» የተባለው ለፍርድ ነው። የፍርድ ቃል እንዴት የማባበያ ቃል ሊሆን ቻለ? የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ የቀድሞ የቅኔ ተማሪ

እኅቴ፥ «አፈር ስሆን» የ«በሞቴ» ወንድም ነው ብዬ አምናለሁ። «በሞቴ» የሚል ሰው በሞቱ እንደሚያማጽን ሁሉ፥ «አፈር ስሆን» የሚልም የሚቀበርበትን ቀን አስቀድሞ ያነሣል፤ እንቢ ያለ ሰው የለማኙን ሞት ያቃለለ ስለሚመስለው የጠገበም ቢሆን ይጎርሳል።

የፍርድ ቃል ስለመሆኑ ላነሡት ደግሞ፥ ጉባኤ ቤት የተማርነው ትምህርት አፈርነትን ከቅጣት አይጀምረውም። ሰው በሥጋው ከአራቱ ባሕርያት፥ ከነፋስ፥ ከእሳት፥ ከውሃና ከመሬት፥ ተፈጠረ ይባላል፤ በዘፍጥረት 2፥7 እግዚአብሔር ሰውን ከምድር አፈር ያበጀውም ገና ሳይበድል ነው። ግእዙ «እስመ መሬት አንተ» ሲል «መሬት» ያለው አፈሩን፥ ትቢያውን ነው፤ ዛሬ በካሬ ሜትር የምንለካውን ቦታ ብቻ አድርገን ከሰማነው ግን ቃሉ ይርቀናል። በዕብራይስጥ «አዳም» አፈር ወይም ምድር ከሚለው «አዳማ» ጋር ይዛመዳል (የከተማችን የአዳማ ስም ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ የመጣው ከኦሮምኛ ነው)። በግእዝ ደግሞ «ናሁ ሠናይ ወናሁ አዳም» በሚለው መዝሙር እንደምናየው «አዳም» ያማረ፥ ደስ የሚያሰኝ ማለት ነው። ስሙን በግእዝ ጆሮ ለሚሰማ ሰው የመጀመሪያው አፈር ያማረ አፈር ነው።

መልስ፦ አንባቢ ከጎንደር

ስለ ግእዙ የተጻፈውን በአክብሮት እቀበላለሁ፤ በ«በሞቴ» ላይ ግን አልስማማም። ዘፍጥረት 18፥27ን ይመልከቱ። አብርሃም ስለ ሰዶም ሲማልድ «እኔ አፈርና አመድ ስሆን» ይላል። ይህ «ስሆን» ስለ ሞት ቀን አያወራም፤ «አፈር ሆኜ ሳለሁ ልናገር ደፈርሁ» ማለት ነው። ከአምሳ ጻድቃን ጀምሮም ቁጥሩን እያወረደ እስከ ዐሥር ድረስ ይለምናል። እናትዎ «ይችን ብቻ» ያሉበት ልመና ከዚህ ይቀርባል። በአገራችን ድንጋይ ተሸክሞ፥ እግር ላይ ወድቆ ዕርቅ የሚለምን ሰውም ገላውን ወደ መሬት ዝቅ የሚያደርገው በዚሁ መንፈስ ይመስለኛል።

መልስ፦ የቀድሞ የቅኔ ተማሪ

የአብርሃምን ቃል በማስታወስዎ አመሰግናለሁ፤ አላሰብሁትም ነበር። ሆኖም «አፈር ስሆንልህ» ስንል የምንጨምራትን «ልህ» ምን እናድርጋት? አብርሃም ለእግዚአብሔር አፈር ልሁንልህ አላለም። እናት ግን በልጇ ፈንታ ወደ አፈር ልትገባለት ትፈቅዳለች።

መልስ፦ የደሴ ልጅ

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ቃሉ በእናቴም አፍ ዘወትር የነበረ ነው። ቁርኣን ሰው ከጭቃ እንደተፈጠረ በብዙ ቦታ ይናገራል። በጣሃ ምዕራፍ (20፥55) ደግሞ ከምድር እንደፈጠረን፥ ወደ እርሷ እንደሚመልሰን፥ ዳግመኛም ከእርሷ እንደሚያወጣን አላህ ይነግረናል። ብዙዎች ሦስት እፍኝ አፈር ወደ መቃብር ሲመልሱ የሚቀሩት ይህንን አንቀጽ ነው። አባቴን የቀበርነው በክረምት ስለነበር ጭቃው ከመዳፌ አልለቅ ብሎኝ ሦስተኛውን እፍኝ በሌላኛው እጄ ማራገፍ ነበረብኝ። ውሃ ሲታጣም ተየሙም (ለሶላት በውሃ ፈንታ መንጻትን) የምናደርገው በንጹሕ አፈር ነው፤ ገላን የሚያነጻ ነገር ስድብ ሊሆን አይችልም።

መልስ፦ የውሃ መሐንዲስ

ከሙያዬ አንድ ነገር ልጨምር። ሰውን አፈር ያለው አማርኛችን መሬትንም ገላ አድርጎታል። እኛ በየቀኑ የምንጽፈው «የከርሰ ምድር ውሃ» የምድር ሆድ ውሃ ማለት ነው፤ «ገጸ ምድር» የምድር ፊት ነው። የአገርን ስፋት ስንናገር «የቆዳ ስፋት» እንላለን። ተራራ አናትና ወገብ አለው፤ ያልታረሰ ማሳም «ጦሙን አደረ» ይባላል። ከሁሉ በላይ የምወደው ግን «ወዝ» የሚለውን ቃል ነው። ጠያቂዋ ያነሡት ጥቅስ በአማርኛው «በፊትህ ወዝ እንጀራን ትበላለህ» ይላል፤ ገበሬም ለም አፈር ሲያይ «ወዝ አለው» ይላል። የገበሬው ፊትና ያረሰው ማሳ በአንድ ቃል ይጠራሉ።

ጠያቂዋ፦ እናት ከሜሪላንድ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የ«ልህ»ን ነገር ለልጄ ነግሬው ዝም ብሎ ሲያስብ ቆየ። እኔም «እትብቴ የተቀበረበት» የምንለው አባባል ትዝ አለኝ። ልጄ የተወለደው እዚህ ሆስፒታል ነው፤ ደርቆ የወደቀውን እትብቱን በጨርቅ ቋጥሬ ስምንት ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጨው ነበር። እናቴ ስትመለስ ይዛው ሄደች። ትናንት ደውላ ከጓሮዋ ጽድ ሥር እንደቀበረችው ነገረችን።