ለንግድ ስራ ወደ ፍራንክፈርት ለምትመጡ ወገኖች

ሰላም ለሁላችሁም። አዲስ አበባ በሽመና ስራ የምትተዳደር አንዲት እህታችን በጥር ለሚካሄደው ሃይምቴክስቲል ለሚባለው የቤት ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ አውደ ርዕይ ወደ ፍራንክፈርት ልትመጣ ነው። «ምን ይዤ ልምጣ? ምን ልጠንቀቅ?» ብላ ጠይቃለች። የምኖረው እዚሁ ከተማ ነው። ለመሴ፣ ማለትም ለከተማው የንግድ አውደ ርዕይ ማዕከል፣ የሚመጡ ወገኖችንም በየጊዜው ስለምቀበል ረዘም አድርጌ ልመልስላት። ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። የኛን ነጋዴ እዚህ አገር የሚጎዳው የቋንቋ ችግር አይደለም። መሴ ውስጥ እንግሊዝኛ በደንብ ያግባባል። የሚጎዳው ይሉኝታ ነው። «አይቻልም» ማለት ስለሚከብደን የማንችለውንም «ችግር የለም» እንላለን። ጀርመኑ ደግሞ ያልነውን እንዳለ ይዞ ይጽፈዋል። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን መንገዱን እንጨርስ።

ኤርፖርት ላይ የድንበር ፖሊሱ ለምን እንደመጣችሁ ይጠይቃል። የአውደ ርዕዩን ወይም የጋባዡን ድርጅት ደብዳቤ፣ የሆቴል ማስያዣ፣ የመመለሻ ቲኬት፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ፣ ሁሉንም በወረቀት አሳትማችሁ በእጅ ቦርሳ ያዙ። ስልክ ባትሪው ያልቃል፣ ኢንተርኔቱም እምቢ ይላል። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ አዲስ የመግቢያና መውጫ ምዝገባ ስለተጀመረ አሻራና ፎቶ ይወሰዳል። ሰልፉ ሊረዝም ስለሚችል በዚያው ማለዳ ቀጠሮ አትያዙ።

ሻንጣ ስታዘጋጁ ቅቤ፣ ቋንጣና አይብ ቤት ይቅሩ። ከአውሮፓ ህብረት ውጭ የመጣ ስጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ትንሽ ነው ማለትም አያድንም። እናት አንጥራ፣ በኮረሪማ አጣፍጣ፣ በፌስታል ላይ ፌስታል ደራርባ የላከችው ቅቤ ጉምሩክ ጠረጴዛ ላይ ሲቀር ያሳዝናል። ማር ግን እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። በርበሬና ሽሮ ከያዛችሁ በደንብ ታሽጎ ምንነቱ በእንግሊዝኛ ይጻፍበት።

ናሙና የያዘ ሰው፣ የሚያስመዘግበው የሌለው በሚወጣበት በአረንጓዴው የጉምሩክ መውጫ አይውጣ። በአውሮፕላን ለመጣ መንገደኛ የተፈቀደው እስከ 430 ዩሮ ያለ ቀረጥ የማስገባት መብት ለግል እቃ እንጂ ለንግድ እቃ አይደለም። የእያንዳንዱን ዓይነት፣ ብዛትና ዋጋ የሚዘረዝር ኢንቮይስ ይዛችሁ በቀዩ መውጫ ሂዱና አስመዝግቡ። አንድ ዓይነት ሃያ ነጠላ ይዞ «ስጦታ ነው» ማለት ጥርጣሬ ያመጣል። 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ጥሬ ገንዘብ የያዘም ማስመዝገብ ግዴታው ነው።

ወደ ከተማ ለመግባት ታክሲ አያስፈልግም። ከተርሚናል 1 ስር ወዳለው ጣቢያ ወርዳችሁ ኤስ 8 ወይም ኤስ 9 የሚባለውን የከተማ ባቡር ብትይዙ በሩብ ሰዓት ገደማ ዋናው ባቡር ጣቢያ፣ ሃውፕትባንሆፍ፣ ትደርሳላችሁ። ቲኬት ከማሽን የሚቆረጠው ከመሳፈር በፊት ነው። መግቢያው ላይ የሚያስቆም በር የለም፤ በዚህ የሚታለል እንግዳ ብዙ ነው። ተቆጣጣሪ ከመጣ ቅጣቱ 60 ዩሮ ነው፣ «እንግዳ ነኝ» ማለት ዋጋ የለውም። በቡድን ለምትመጡ እስከ 5 ሰው የሚያገለግል የቀን ቲኬት አለ። የብዙ አውደ ርዕይ መግቢያ ቲኬት ደግሞ የከተማውን ትራንስፖርት ይጨምራል፤ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን አንብቡት።

ሆቴል በጊዜ ያዙ። በመሴ ሰሞን ዋጋው አይቀመስም። ወጣ ብሎ ማደር ይሻላል፤ ግን መስመሩን አይታችሁ ነው። ኤስ 3፣ ኤስ 4፣ ኤስ 5 እና ኤስ 6 «መሴ» በሚባለው ጣቢያ፣ እዚያው አውደ ርዕዩ ጋ ይቆማሉ። ስለዚህ ኤሽቦርን ወይም ባድ ሆምቡርግ ያደረ ሰው ባቡር ሳይቀይር በር ላይ ይወርዳል። ሃውፕትባንሆፍ ፊት ለፊት ያሉት ሆቴሎች ለመሴ ቅርብ ናቸው፤ ነገር ግን ታውኑስ ሽትራሰና ኤልበ ሽትራሰ አካባቢ የአደንዛዥ ዕፅ ችግር ጎልቶ ይታያል። ብቻዋን ለምትመጣ ሴት ማታ የምትመላለስበት ሰፈር ነው ብዬ አልመክርም። ቀን ቀን ግን የሐበሻ ምግብ ቤት ፍለጋ ወደዚያ መሄዳችሁ አይቀርም።

ዘመድ ቤት ስለማደር ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። ዘመድ ይወዳችኋል፣ ምግቡም ቡናውም አይቋረጥም። እስከ እኩለ ሌሊት ተጫውቶ በማግስቱ ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆሞ ደንበኛ ማነጋገር ግን ይከብዳል። አውደ ርዕዩ እስኪያልቅ ሆቴል እደሩ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ለዘመድ ስጡ። ዘመዶችም እባካችሁ አትቀየሙ። ሰውየው ብዙ ብር ከስክሶ የመጣው ለስራ ነው።

አሁን ወደ ይሉኝታው ልመለስ። ባለፈው ጊዜ መሴ ውስጥ ጎን ለጎን ሁለት የኛ ሰዎች ቆመው ነበር። አንደኛው የሚያምር የቆዳ ቦርሳ ይዟል። አንድ ገዢ ቦርሳውን ገልብጦ ስፌቱን አየ፣ ዚፑን ከፍቶ ዘጋ፣ ከዚያ «500 ብናዝ በስንት ሳምንት ይደርሳል?» አለ። ወንድማችን «ችግር የለም፣ በፈለጋችሁት ጊዜ» ብሎ መለሰ። ገዢው «በሳምንት ስንት ትሰራላችሁ? ስንት ሰራተኛ አላችሁ?» ሲለው መልሱ ተምታታ። ሰውየው አመስግኖ፣ እስክሪብቶውን ኪሱ ከቶ ሄደ። አጠገቡ የነበረችው እህት ለሌላ ገዢ «በወር ከ80 በላይ አንችልም፤ 80ው ግን በቀኑ ይደርሳል» አለች። የሷን ካርድ ወስዶ የራሱን ሰጣት፣ ጀርባው ላይም ሊደውልላት ያሰበበትን ቀን ጻፈላት። እቃው የማን እንደሚበልጥ እኔ አልፈርድም። ገዢው የሚያምነው ቁጥር ያገኘው ግን ከሷ ነው።

ስለዚህ ከመምጣታችሁ በፊት በአንድ ገጽ ጻፉት፤ በወር ስንት እንደምታመርቱ፣ ትንሹ ትዕዛዝ ስንት እንደሆነ፣ ዋጋው ቦሌ ድረስ ይሁን ፍራንክፈርት ድረስ፣ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ። የኢትዮጵያ ምርት በአውሮፓ ህብረት ያለ ቀረጥ የመግባት ዕድል እንዳለውም ጥቀሱ፤ ይህን የማያውቅ ትንሽ ገዢ አለ። ዋጋ ስትጽፉ ነጥብና ሰረዙን ተጠንቀቁ። እዚህ ሺህን የሚለየው ነጥብ፣ ሳንቲምን የሚለየው ሰረዝ ነው። እኛ 3,250 ብለን ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ያልነውን ጀርመኑ ሦስት ዩሮ ከሃያ አምስት ሳንቲም ሊያነበው ይችላል። ሰዓትም በ24 አቆጣጠር ይሁን፤ በነሱ 14:00 በኛ ስምንት ሰዓት ነው። በጥር ፍራንክፈርት ከአዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ወደኋላ ነው፣ በበጋቸው አንድ ሰዓት። አገር ቤት ካለ ሰው ጋር በስልክ ስታገናኟቸው ይህ ብዙ ጊዜ ያምታታል።

ቀጠሮ ላይ አምስት ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። ከዘገያችሁ ከሰዓቱ በፊት ደውሉ፤ ከደወላችሁ ብዙ አይከፉም። ስትነጋገሩ ዓይን ዓይናቸውን እዩ። ለኛ አንገት ደፋ ማለት አክብሮት ነው፣ እነሱ ግን የሚደብቀው ነገር አለ ይላሉ። በአባታችሁ ስም ቢጠሯችሁ አትደንግጡ፣ የቤተሰብ ስማችሁ መስሏቸው ነው። እናንተም እነሱን «ሄር» (አቶ) ወይም «ፍራው» (ወይዘሮ) ብላችሁ በቤተሰብ ስማቸው ጥሩ። «ዋጋው ውድ ነው»፣ «ቀለሙ አይሸጥም» ብለው ፊት ለፊት ከተናገሩ ስድብ አይደለም። እንዲያውም ጥሩ ምልክት ነው፤ የማይፈልግ ሰው ጊዜውን አያጠፋም። ከተለያችሁ በኋላ በሳምንቱ ውስጥ ኢሜይል ላኩ፤ የተስማማችሁበትንና ቁጥሩን ብቻ። የረጅም ሰላምታ ደብዳቤ አያነቡም።

እሁድ የምትደርሱ ሱቅ ዝግ መሆኑን አስቡ። የሚከፈተው ኤርፖርትና ሃውፕትባንሆፍ ውስጥ ያለው ነው። ትናንሽ ምግብ ቤቶች የውጭ ካርድ ላይቀበሉ ስለሚችሉ ጥቂት ዩሮ በዝርዝር ያዙ። የላስቲክ ጠርሙስ አትጣሉ፤ ወደ ሱፐርማርኬቱ ማሽን ስትመልሱት 25 ሳንቲም ይመልስላችኋል።

መልስ፣ ሐምቡርግ ከሚኖር አባል፦
በጣም ጥሩ ብለሃል ወንድሜ። የቡና ሰዎች ግን ፍራንክፈርት ላይ ብቻ እንዳይቀሩ። ትልልቆቹ ቡና አስመጪዎች ያሉት እዚህ ሐምቡርግና ብሬመን ነው። ናሙና ጥሬውን አምጡ፤ በጥሬ ቡና ላይ የቡና ግብር የለም፣ የተቆላው ግን በኪሎ 2.19 ዩሮ አለበት። ገዢዎች ደን ተጨፍጭፎ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ምርት እንዳይገባ ስለሚከለክለው የአውሮፓ ህግ ይጠይቋችኋል። ህጉ የሚጀምርበት ቀን ቢራዘምም ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ከአሁኑ ይፈልጋሉ። ከፍራንክፈርት በፈጣኑ ባቡር አራት ሰዓት ገደማ ነው። ቲኬት ቀድሞ የገዛ በጣም ይረክስለታል። ባቡሩ በሰዓቱ ይደርሳል ብላችሁ ግን አትመኑ፤ በ2024 ከረጅም ርቀት ባቡሮች ከሦስት አንዱ በላይ ዘግይቷል። ከቀጠሮው ባቡር አንድ ቀድማችሁ ያዙ።

መልስ፣ ከጠያቂዋ እህት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር አወቅኩ። ጾም ስለሆነው ምግብስ?

መልስ፣ ከመጀመሪያው ጸሐፊ፦
አውደ ርዕዩ ከማክሰኞ እስከ አርብ ስለሚሆን ረቡዕም አርብም ይገቡበታል። አትቸገሪም። «ቬጋን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ምግብ ወተትም ቅቤም እንቁላልም የለውም። መሴ ውስጥም ሱፐርማርኬትም በየቦታው አለ። ሆቴል ቁርስ ላይ ዳቦውን ጠይቂ፣ አንዳንዱ ወተት አለበት። መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ የሐኪም ማዘዣውን ይዘሽ ነይ። ድንገት ከታመምሽ 112 ነው፤ አስቸኳይ ላልሆነ ሐኪም 116117 ትደውያለሽ። የበረራሽን ቀን በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ከስራ በፊት ስለሆነ ማለዳ ኤርፖርት መጥቼ እስከ ሆቴልሽ አደርስሻለሁ። የወር ምርትሽን የምትጽፊበትን ገጽም ላኪልኝና ቁጥሮቹን አብረን እናያቸዋለን።