ከስሜን ተራሮች ጎብኚ ለደባርቅ ከተማ ምን ሊቀርላት ይችላል?

ጥያቄ፤ ከ«ደባርቄ»

የተከበራችሁ ተወያዮች፣

የምኖረው በደባርቅ ከተማ ሲሆን አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ከተማችን ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ናት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ ጎብኚው የመግቢያ ክፍያውን የሚከፍለው፣ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) እና አስጎብኚ የሚመደብለት፣ በቅሎም የሚከራየው እዚሁ ደባርቅ ነው። ይሁን እንጂ ጎንደር ያደረው እንግዳ ጠዋት ደርሶ ጉዳዩን እንደጨረሰ በፓርኩ ውስጥ ወዳለው የሳንቃበር የድንኳን ሰፈር ይገሰግሳል፤ ስንቁና ድንኳኑ አብዛኛውን ጊዜ ከጎንደር ተጭኖ የመጣ ነው፤ ሲመለስም ከተማዋን አቋርጦ ያልፋል።

ወረርሽኙና ጦርነቱ ሥራችንን ክፉኛ እንደጎዱት፣ ከሁሉም በፊት ሰላም እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። የምጠይቀው ግን እንግዳ በብዛት ይመጣ በነበረበት ዘመንም ስለነበረው ችግር ነው። በየስብሰባው የሚነሣው ሐሳብ ትልልቅ ሆቴል ስለመገንባትና ሐውልት ስለማቆም ነው። የጎብኚው ገንዘብ በከተማው ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ እየተዘዋወረ ለገበሬውም፣ ለጋጋሪዋም፣ ለሸማኔውም እንዲደርስ ምን መቅደም አለበት ትላላችሁ?

መልስ፤ ከ«የቧሂት መንገደኛ»

ስንቅ ከጎንደር ይጫናል ያሉት ነገር ሌሎች ጥያቄዎች ሁሉ የተንጠለጠሉበት ይመስለኛል። በተራራ ጉዞ ላይ ምግብ አብሳይ ሆኜ ለዓመታት ስለሠራሁ ግዢው ለምን እዚያ እንደሚፈጸም ከቅርብ አውቀዋለሁ። ለአንድ ቡድን የሚያዘው ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን፣ እንቁላል፣ ዳቦና ፍራፍሬ ነው። ከእነዚህ መካከል ድንቹና እንቁላሉ፣ ከተፈለገም በጉ፣ ከደባርቅ ዙሪያ ገበሬ እጅ የሚጠፋ አይደለም። ነገር ግን አስጎብኚ ድርጅቱ ወጪውን ለማወራረድ ሕጋዊ ደረሰኝ ይፈልጋል፤ ገበሬው ደግሞ ደረሰኝ የለውም። ቡድኑም የገበያ ቀን እስኪደርስ ድረስ አይጠብቅም። ስለዚህ ከሆቴል ግንባታ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ከገበሬው ተረክቦ፣ ለይቶና አጥቦ፣ በዋዜማው በስልክ ትእዛዝ ተቀብሎ፣ በደረሰኝ የሚሸጥ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ለመጀመር አንድ መጋዘን፣ ሚዛንና ታማኝ ሒሳብ ያዥ ይበቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ ማደር ነው። እንግዳን ደባርቅ እደርልን ብሎ መለመን አያዋጣም፤ ለማደር ግን እውነተኛ ምክንያት አለው። ከተማችሁ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ ስትሆን፣ በፓርኩ ውስጥ ያለው የጨነቅ የድንኳን ሰፈር ከፍታ ወደ 3,600 ሜትር፣ የቧሂት ተራራ ደግሞ 4,430 ሜትር ይደርሳል። ከዝቅተኛ ቦታ መጥቶ በቀጥታ ወደ ላይ የወጣ ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲይዘው፣ ትንፋሽ አጥሮት ጉዞውን ሲያቋርጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በመካከል አንድ ሌሊት ማደር ሰውነትን ስለሚያለማምድ፣ ይህን ለጉዞ አዘጋጆች በጽሑፍ አስረድታችሁ በጉዟቸው መርሐ ግብር ውስጥ እንዲያስገቡት ብትጠይቁ የሚቃወማችሁ አይኖርም። ከዚያ በኋላ ግን ሙቅ ውኃ፣ ንጹሕ አንሶላና ብርዱን የሚችል አልጋ ማዘጋጀት የእናንተ የማረፊያ ባለቤቶች ግዴታ ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ ሊማሊሞ አፋፍ የሚያደርስ አጭር የእግር ጉዞ ቢጨመርበት ደግሞ ያደረው እንግዳ ቀኑ ባከነብኝ አይልም።

መልስ፤ ከ«እኅተ ጎንደር»

እኔ በበኩሌ የአገር ውስጡን ጎብኚ አስቀድም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የተመዘገበውን የጥምቀት በዓል ለማክበር ጎንደር የሚመጣው ሕዝብ በዓሉ ሲያበቃ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጥር ደግሞ በስሜን ሰማዩ ጥርት የሚልበት፣ ጭላዳው በመንጋ ሆኖ መንገድ ዳር ሲግጥ የሚታይበት ወር ነው። ድንኳንም በቅሎም የማይጠይቅ የአንድ ቀን ጉብኝት፣ ዋጋው በግልጽ ተጽፎ፣ በነፍስ ወከፍ በሚከፈልበት የጋራ መኪና ቢዘጋጅ፣ ከጎንደር ደርሶ መልስ የማይመጣው ስንቱ ነው?

ኢትዮጵያዊው እንግዳ ስሜንን የሚፈልገው ለዋልያው ብቻ አይደለም። የስሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት በዚሁ አገር ነው። ስሜን የቤተ እስራኤልም ጥንታዊ ምድር ስለሆነ፣ ከእስራኤል የሚመጡ የእነዚህ ቤተሰቦች ልጆች የአያቶቻቸውን ቀዬ ሲፈልጉ ታሪኩን የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ደረስጌ ለአንድ ቀን ጉዞ ሩቅ ቢሆንም፣ ይህን ሁሉ የሚያስረዳ መጠነኛ የታሪክ ማሳያ ክፍል ደባርቅ ላይ ቢከፈት ከሐውልት ይልቅ ይጠቅማል።

መልስ፤ ከ«ጅባራ»

የጎብኚውን ቁጥር ስለማሳደግ ስንመካከር ተራራው የሚችለውን እንዳንዘነጋ አደራ እላለሁ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ የቆየው የእርሻና የልቅ ግጦሽ መስፋፋት፣ የዋልያም ቁጥር መመናመን ስላሳሰበ ነበር። በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከቀያቸው ተነሥተው ደባርቅ የሰፈሩትም ፓርኩን ከዚህ መዝገብ ለማውጣት በተደረገው ጥረት ነው። እነዚህ ወገኖቻችን የገብስ ማሳቸውንና ግጦሻቸውን ለሁላችን ቅርስ ሲሉ ለቀዋል፤ ገደሉን፣ ምንጩንና መተላለፊያውን ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። «የቧሂት መንገደኛ» ያሉት ማኅበር ሲቋቋም አባልነቱ ለእነርሱ ሊቀድም ይገባል እንጂ፣ ቀድሞውንም ሱቅ ያለው ነጋዴ ስሙን ለውጦ የሚገባበት ከሆነ ባይቋቋም እመርጣለሁ።

ብርዱን የሚችል አልጋ የሚለውም ሐሳብ ደስ አሰኝቶኛል። ማረፊያዎቹ ብርድ ልብሱን ከሩቅ ገበያ ከሚገዙ ይልቅ የአገሩን የበግ ፀጉር ባና ቢያለብሱ፣ የፈታዮቹና የሸማኔዎቹ ሥራ በክረምትም አይቋረጥም፤ ወዶት ገዝቶ የሚሄድ እንግዳም አይጠፋም።

ከጠያቂው፤ ከ«ደባርቄ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባናውን በራሴ ማረፊያ እጀምራለሁ፤ የግጭን ወገኖች በተመለከተ የተነገረውንም በሚቀጥለው ስብሰባ በግልጽ አነሣዋለሁ። «የቧሂት መንገደኛ»ን ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ጉዞ አዘጋጆች ሒሳባቸውን ዘግይተው ከከፈሉ፣ በዱቤ የሸጠ ገበሬ እንዴት ይጠበቃል?

መልስ፤ ከ«የቧሂት መንገደኛ»

ማኅበሩ በዱቤ ከጀመረ ዓመት አይዘልቅም። ትእዛዙ ሲሰጥ ግማሹ በቀብድ ይከፈል፤ ቀሪው ዕቃው በበቅሎ ላይ ከመጫኑ በፊት በባንክ ይግባ። ገበሬው ግን ምርቱን ባስረከበበት ዕለት ሙሉ ዋጋውን እንዲያገኝ፣ አባላቱ ከሚያዋጡት ዕጣ ላይ ለዚሁ የሚሆን መነሻ ገንዘብ መመደብ አለበት። የጎብኚው ወቅት ክረምቱ ሲወጣ ስለሚጀምር፣ መተዳደሪያ ደንቡን በሐምሌና በነሐሴ ጨርሳችሁ ለመስከረም ብትደርሱ መልካም ነው።