የቻይና አረጋውያን ሕክምና ለምን ያዘገያሉ? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ቻይና የሕብረተሰብ ጤና እየተማርኩ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ላይ ግራ ገብቶኛል።

አንዲት ጎረቤቴ የልጅ ልጅ ለማሳደግ ከገጠር የመጡ እናት ናቸው። ጉልበታቸው አብጧል። የጤና መድኅናቸው ግን የተመዘገበው በመጡበት ገጠር ነው፤ ከዚያ ውጭ ሲታከሙ የሚመለስላቸው ገንዘብ ያንሳል። ወረፋ የሚያዘው በአብዛኛው በስልክ መተግበሪያ ነው፣ እሳቸው ደግሞ አይችሉበትም። ከፋርማሲ የሕመም ማስታገሻ ፕላስተር ገዝተው ይለጥፋሉ። «ልጄን ሥራ አላስፈታም» ይላሉ። አንጀቴን የሚበላው ይሄ ነው።

ቻርልስ (CHARLS) የሚባለው የቻይና ጥናት መረጃ አለኝ፤ በፈረንጆቹ 2011 የጀመረ፣ 45 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑትን የሚከታተል ጥናት ነው። ገቢና መድኅን እዚያ አገኛለሁ። «ልጄን አላስቸግርም» ማለትን ግን በምን ልለካው? ቃለ መጠይቅ ልጨምር? የሠራበት ካለ መንገዱን ያሳየኝ።