ከታቦር ተራራ ሐይቁን ተሻግሮ፦ የብርሃንን የአንድ አቅጣጫ ፍጥነት መለካት ይቻላል?

የሐዋሳ ተማሪ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። 12ኛ ክፍል ነኝ። ለሳይንስ ክበባችን የብርሃንን ፍጥነት ያለ መስተዋት፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ልንለካ አስበናል። እኔ ታቦር ላይ ሌዘር ይዤ እቆማለሁ፣ ጓደኛዬ ከሐይቁ ማዶ ይጠብቃል። ሁለታችንም ጋ አርዱዊኖ (ትንሽ ፕሮግራም የሚደረግ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) እና ኤልዲአር (ብርሃን ሲያርፍበት የሚነቃ ዕቃ) አለ። ርቀቱ 9 ኪሎ ሜትር ቢሆን ብርሃኑ 30 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጅበታል። መምህራችን ሲሰማ ሳቀና "እሱን ማንም ለክቶት አያውቅም" አለን። ለምን እንደሆነ ሳይነግረን ተደወለ። እውነቱን ነው?

ጥገና ቤት ያለኝ፦
መጀመሪያ ኤልዲአሩን ተወው። እሱ ብርሃን አይቶ እስኪነቃ ብዙ ሚሊ ሰከንድ ይፈልጋል፤ ያንተ 30 ማይክሮ ሰከንድ እስከዚያ የት ደርሷል። ብርሃንን ፈጥኖ የሚለየውን ፎቶዳዮድ ፈልግ። አርዱዊኖ ኡኖም ሰዓቱን የሚቆጥረው 4 ማይክሮ ሰከንድ እየዘለለ ነው፤ ከ30 ላይ 4 ቀላል አይደለም። ሁለቱን ሰዓት ለማስማማት በየሰከንዱ ምት የሚሰጥ የጂፒኤስ ሞጁል ይሻላል። ደግሞ ሌዘር ሐይቅ ላይ ስትለቅ ጀልባ ላይ ያሉትን ሰዎች ዓይን አስብ እንጂ!

አዳማ የማስተምር፦
የዕቃው ምክር ልክ ነው። ችግሩ ግን ዕቃው አይደለም። ጂፒኤስ ሰዓቱን የሚያስተካክለው የሳተላይቱ ሞገድ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይፈጥናል ብሎ ነው። የሬዲዮ ሞገድ ደግሞ ያው ብርሃን ነው። ልትለካው ያሰብከውን ነገር ገና ሳትጀምር ሰዓትህ ውስጥ ከተትከው ማለት ነው።

የዱባይን በረራ አስብ። 4 ሰዓት ገደማ ነው፣ የዱባይ ሰዓት ከእኛ በ1 ይቀድማል። ትኬቱ ላይ ያለውን መነሻና መድረሻ ብቻ ካየህ መሄጃው 5፣ መመለሻው 3 ሰዓት ይመስልሃል። ደርሶ መልሱ ግን ምንም ቢሆን 8 ነው፤ አዲስ አበባ ባለው አንድ ሰዓት ተለክቷላ። ለአውሮፕላኑ ችግር የለም፣ ዱባይ ደውለህ "ስንት ሰዓት ነው?" ትላለህ። ከብርሃን ቀድሞ የሚደርስ ስልክ ግን የለም። ለዚህ ነው አንስታይን በ1905 መሄጃውና መመለሻው እኩል ይሁን ብሎ የደነገገው። ለክቶ አይደለም።

የሐዋሳ ተማሪ፦
እሺ መምህር፣ ሁለቱን ሰዓቶች ታቦር ላይ ጎን ለጎን አስተካክለን አንዱን በጀልባ ቀስ ብለን ብንወስደውስ?

አዳማ የማስተምር፦
ጎበዝ! በአንስታይን ንድፈ ሐሳብ የሚንቀሳቀስ ሰዓት ይዘገያል፤ ቀስ ካልክ መዘግየቱ ከቁጥር አይገባም ማለትህ ነው። ያ ስሌት ራሱ ግን ብርሃን በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ነው ከሚል የተነሳ ነው። ብርሃን ወደ ምዕራብ ፈጥኖ ወደ ምሥራቅ ቢዘገይ፣ ጀልባ ላይ ያለው ሰዓትም በዚያው ልክ ይዛባና ልዩነቱን ይሸፍንልሃል። የምታነበው ቁጥር አይለወጥም። እኔን ራሴን ይህ ነገር አንድ ሳምንት እንቅልፍ ነስቶኛል።

አንድ አንባቢ፦
የዴንማርኩ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሮመር በ1676 የብርሃንን ፍጥነት በጁፒተር ጨረቃ በአይዮ ግርዶሽ አላወቀም እንዴ? እዚያ መስተዋት የለም።

አዳማ የማስተምር፦
የለም፣ ጀልባ ግን አለ። ጀልባዋ መሬት ናት፤ ሰዓታችንን ይዛ በፀሐይ ዙሪያ ትሄዳለች።

ቴሌኮም የሠራሁ፦
1 ኪሎ ሜትር የፋይበር (ብርሃን የሚያልፍበት የመስታወት ክር) ጥቅል ብታገኝ ብርሃኑ 5 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፣ ሁለቱም ጫፍ ጠረጴዛህ ላይ ነው፣ አንድ ሰዓት ይበቃል። ግን ዞሮ መነሻው ገባ፤ ይሄም ደርሶ መልስ ነው መሰለኝ።

ጥገና ቤት ያለኝ፦
ታዲያ ደርሶ መልሱን ለካው! ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፊዞም በ1849 8,633 ሜትር ርቆ በተቀመጠ መስተዋትና 720 ጥርስ ባለው ጎማ የለካው እሱን ነው። አንተ የትምህርት ቤቱ ኮሪደር ይበቃሃል። 15 ሜትር ላይ መስተዋት አቁም፤ 30 ሜትር ደርሶ መልስ 100 ናኖ ሰከንድ ነው። አርዱዊኖ አይችለውም፣ ኦሲሎስኮፕ (በጣም አጭር የኤሌክትሪክ ምትን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ያለው ላብራቶሪ ለምኑ። መጀመሪያ መስተዋቱን አጠገብህ አድርገህ ለካ፣ ከዚያ አርቀው፤ ልዩነቱን ብቻ ውሰድ። የሽቦውና የፎቶዳዮዱ መዘግየት ይጣፋል።

የሐዋሳ ተማሪ፦
ኮሪደሩን አሁን በሜትር ለካሁት፣ 22 ሜትር ነው። የፕሮጀክቱን ርዕስ "ደርሶ መልስ" ብለነዋል። መስተዋት ከቤት የእናቴን አመጣለሁ።

ጥገና ቤት ያለኝ፦
አስፈቅደህ።