ሩጫው ሁለተኛ ሥራ ሆነብኝ፤ ጅማ ያላችሁ ሯጮች ምን ትሉኛላችሁ?

እሸት ቡና (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ቆጪ አካባቢ ነው የምኖረው። ሥራዬ ቡና አቅራቢ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ መያዝ ነው። ከቡና ጋር የምትውሉ ሰዎች ኅዳር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጀንፈሉ (ያልተፈለፈለው ደረቅ ቡና) ይመጣል፣ ይመዘናል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ብር ይቆጠራል። ጠዋት የሰማሁት ዋጋ ከሰዓት የለም። አንድ ቁጥር ብስት ወይ ገበሬው ይጎዳል ወይ ድርጅቱ። ማታ ዓይኔን ስጨፍን ኩንታልና ኪሎ ነው የሚታየኝ። እናቴ ደግሞ አጋሮ ናት፤ ደም ግፊቷ ከፍ ዝቅ ይላል። ስልኬ በሌሊት ሲጮኽ ገና ሳላነሳው እጄ ይንቀጠቀጣል።

ሩጫ የጀመርኩት ሚያዝያ ላይ ነው፤ አስቤበት አይደለም። ከሥራ ወጥቼ በእግሬ ወደ ቤት ስሄድ ዝናብ መጣ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ መጣሁ ብሎ አያስጠነቅቅም። ሰው ሁሉ በረንዳ ስር ተጠለለ። እኔ ሮጥኩ። መጀመሪያ ለመሸሽ ነበር፤ ከራስኩ በኋላ ግን የምሸሸው ነገር አልነበረም። ቤቴን አልፌው ሄድኩ። ጫማዬ ውስጥ ውሃው ይንቦጫረቃል፣ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌያለሁ፣ ደግሞ እስቃለሁ። እንደዚያ ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ ነበር! በማግስቱ የሩጫ ጫማ ገዛሁ።

ከዚያ ስልኬ ላይ የሩጫ አፕ ጫንኩ። ነገሩ የተበላሸው ከዚያ ወዲህ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ የሮጡበትን ሰዓት ይለጥፋሉ፤ እኔም ለጠፍኩ። 5 ኪሎ ሜትር በ38 ደቂቃ። 35 ላድርሰው አልኩ። አልሆነም። ሥራ ሲበዛ 40 ገባ፣ 41 ገባ። አሁን ማንቂያው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሲጮኽ ሆዴን ይቆርጠኛል፤ ልክ አለቃዬ ወደ ቢሮው ሲጠራኝ እንደሚሰማኝ። ባለፈው ሐሙስ መሃል መንገድ ላይ ስልኩን አየሁት፤ ከበፊቱም ብሶበታል። የአንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ማቆም አልፈልግም። የዝናቡ ቀን ደስታ እውነተኛ ነበር። ሥራ በዝቶባችሁ፣ ጭንቀት ይዟችሁ፣ አሁንም በደስታ የምትሮጡ ካላችሁ እንዴት እንደምታደርጉት ንገሩኝ።

አምስት ኪሎ

እህቴ፣ መጀመሪያ አፑን አጥፊው። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ከአቅሜ በላይ እየፈጠንኩ ነበር የምሮጠው።

የቀላል ሩጫ መለኪያው ወሬ ነው። እየሮጥሽ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻልሽ ልክ ነሽ። ሦስት ቃል ብለሽ ትንፋሽ ካጠረሽ ፈጥነሻል። ደግሞ ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ መንገዷም ዳገትና ቁልቁለት ነው። ዳገቱ ላይ በእርምጃ ብትወጪ ማንም አይጠይቅሽም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ወይም 75 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር በስንት ደቂቃ የሚል ነገር የለበትም።

የኅዳሩ ሯጭ

እኔ ግን «አጥፊው» በሚለው ሙሉ በሙሉ አልስማማም። እኔን ከአልጋ ያስነሳኝ ግብ ነው። ሥራ አጥቼ ቤት በተቀመጥኩበት ዓመት ለታላቁ ሩጫ ተመዘገብኩ። ሦስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ የምሄድበት ነገር ነበረኝ። ያ 10 ኪሎ ሜትር ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ይሮጣል፤ ውስጡ ስትገቢ ግን ውድድር መሆኑን ትረሺዋለሽ። የሚዘፍነው፣ የሚጨፍረው፣ ልጁን ትከሻው ላይ ተሸክሞ የሚሄደው ብዛቱ! ሰዓቴን አላስታውስም። ጎኔ የነበሩት አዛውንት ውሃቸውን ያካፈሉኝን ግን አልረሳም።

ስለዚህ ቁጥር ጠላት አይደለም። ወቅት አለው። የቡና ሰሞን ቀኑን ሙሉ ሚዛን ስታይ ውለሽ ጠዋትም መመዘን ከባድ ነው። ግቡን የካቲት ላይ አውጪው፣ አሁን ዝም ብለሽ ሩጪ።

የሌሊት ተረኛ

ሆስፒታል ነው የምሠራው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጭንቀት ሲይዘን ልብ ይመታል፣ ላብ ይመጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ስንሮጥም እንደዚያው ነው። ረጋ ብሎ የሚሮጥ ሰው ሰውነቱ ቀስ በቀስ አንድ ነገር ይማራል፤ ልቤ ስለመታ አደጋ መጣ ማለት አይደለም፣ ይመታል፣ ከዚያ ይረጋጋል። ሩጫው ራሱ ፈተና ሲሆን ግን ይህ ትምህርት ይጠፋል። ቀስ በይ የምልሽ ለዚህ ነው።

ደግሞ እህቴ፣ ለሳምንታት እንቅልፍ ከነሳሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ሩጫ ብቻውን አይበቃም። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ሄደሽ አነጋግሪያቸው፤ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ሻሽና ጫማ

እህትዬ፣ ወንዶቹ የማይጽፉትን እኔ ልጻፍ። አንቺም አልጠቀስሽውም፤ ግን ገምቻለሁ። ጨለማ፣ ውሻ፣ ለከፋ። እኔ አጂፕ አካባቢ ነኝ። ሱብሂ ሰግጄ፣ ትንሽ ቆይቼ፣ መንገዱ ሲነጋጋ 12 ሰዓት ላይ ነው የምወጣው። 11 ሰዓት ተኩል ጨለማ ነው፤ ጅብም ገና ጫካው አልገባም። እውነቴን ነው፣ ሰዓትሽን ግፊው። ግማሹ የሆድ ቁርጠትሽ ከዚያ ሊሆን ይችላል።

ረጅም እጅጌና ሰፊ ቱታ እለብሳለሁ። ሻሼ ቀለል ያለ ጨርቅ ነው፣ በሁለት መርፌ ቁልፍ ይያዛል። መጀመሪያ ሰሞን የባጃጅ ሾፌሮች ይጮኹብኝ ነበር። አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ፣ ቤት ገብቼ እናደዳለሁ። ከዚያ ታናሽ እህቴ አብራኝ መውጣት ጀመረች። ሁለት ስንሆን ጩኸቱ ቀነሰ፤ ቢጮኹም አንሰማም፣ ምክንያቱም እኛ ወሬ ላይ ነን። የሳምንቱን ሐሜት የምናወራው እዚያ ነው። ብቻሽን ከሆንሽ ነይ፣ ሦስት እንሁን።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 31 ዓመት የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ነበርኩ። ፊሽካና ሰዓት አንገቴ ላይ ሳላንጠለጥል የወጣሁበት ቀን ጥቂት ነው። ሰዓትን አልጠላም።

ባለቤቴ ያረፈችው ከአራት ዓመት በፊት ነው። አርባዋ እስኪወጣ ቤቱ ሰው አልጎደለበትም። ከዚያ ሁሉም ወደየጉዳዩ ሄደ። እኔ ጠዋት ጠዋት በልምድ ሁለት ሲኒ እቀዳለሁ። አንዱ እንደተቀዳ ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን የእኔንም ሳልጠጣው ትቼ ወጣሁ። እግሬ ወደ ጅሬን ወሰደኝ።

እዚያ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው መሃል ወደ 7 ኪሎ ሜትር ነው፤ መጨረሻው ዳገት ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን ከ50 ዓመት በላይ የገዙት እዚያ ኮረብታ ላይ ተቀምጠው ነው። በዚያን ቀን የሄድኩት በእርምጃ ነበር። ላይ ደርሼ ዞር ስል ከተማዋ ጉም ውስጥ ናት፤ ቆርቆሮው እዚህም እዚያም ብቅ ይላል። ቤቴን ፈለግኩት፣ አላገኘሁትም። ትንሽ ቀለለኝ። በሳምንቱ ቁልቁለቱን ሮጥኩት። በወሩ ሜዳውንም ሮጥኩ። ዳገቱን ዛሬም በእርምጃ ነው የምወጣው፤ ዕድሜዬ 66 ነው።

መንገዱን የምለካው በሰዎች ነው። መጀመሪያ በር ላይ ቡና የሚቆሉ እናት አሉ፤ «አካም ቡልተን?» እንባባላለን። ቀጥሎ ጄሪካን የያዙ ልጆች አሉ፤ እስከ ቦኖው አብረውኝ ይሮጣሉ። ከዚያ ዋርካ ስር ማሽኑን የሚያወጣ ልብስ ሰፊ። አንድ ሳምንት ታምሜ ስቀር ልብስ ሰፊው ቤቴን አጠያይቆ መጣ። ያ ሰው ስሜን እንኳ አያውቅም ነበር።

ተማሪዎቼን ስለ ደራርቱ ቱሉ እጠይቃቸው ነበር። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትሩን ስታሸንፍ ሰዓቷ ስንት ነበር? ማንም አይመልስም። ከመስመሩ በኋላ ምን አደረገች ስላቸው ግን ክፍሉ በሙሉ እጁን ያወጣል። ቆማ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ጠበቀቻት፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዞሩ። ኃይሌም ልጅ እያለ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት የሮጠው ደብተሩን በግራ እጁ ይዞ ነው፤ ያ እጅ ትልቅ ሰው ሆኖ ሲሮጥም አልተዘረጋም። ያኔ ሰዓት የያዘለት አልነበረም፤ የሚደርስበት ቦታ ነበረው።

ልጄ፣ አንቺም የምትደርሺበት ቦታ ያዢ። ሰላም የምትይው ሰው ያዢ። በዝናቡ ቀን የሳቅሽው እኮ ማንም ስላልለካሽ ነው።

እሸት ቡና (ጠያቂ)

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የእርስዎን ቢሮ ውስጥ አንብቤ ወደ መጋዘኑ ወጥቼ ትንሽ ቆሜ ነው የተመለስኩት። ነፍስ ይማር።

አፑን አጠፋሁት። ከባዱ እሱ አልነበረም። ስልኩን ቤት ትቼ መውጣት ነው ያቃተኝ፤ እናቴ ብትደውልስ? በመጨረሻ ራሷን ጠየቅኳት። «ለአንድ ሰዓት ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው? ሮጠሽ ስትመጪ አንቺው ደውይልኝ» አለችኝ። አሁን እንደገባሁ ላቤ ሳይደርቅ እደውላለሁ። መንገድ ላይ ምን አየሽ ትለኛለች። ለእሷ የምነግራት ነገር ስፈልግ ዓይኔ ተከፈተ። አዌቱ ድልድይ ላይ አንድ ሰውዬ ፈረሱን እያጠበ ያዜም ነበር። እሱን ነገርኳት። የጄሪካን ልጆች «ደራርቱ! ደራርቱ!» እያሉ ተከተሉኝ። እሱንም ነገርኳት፤ እየሳቀች አላስጨርሰኝ አለች። ግፊቷንም ያኔ ነው የምትነግረኝ፤ በሌሊት ከመደወል ጠዋቱን ትጠብቃለች።

ሥራው ያው ነው። ማክሰኞ 17 ኪሎ ጎድሎብኝ ስፈልግ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቆየሁ። በማግስቱ የሮጥኩት ቤቴን ዙሪያ ብቻ ነው፤ ምናልባት ሃያ ደቂቃ። ሰዓት አልያዝኩም። የሆድ ቁርጠቱ ሁለት ቀን ተመልሶብኛል። የሌሊት ተረኛ፣ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ሐሙስ እሄዳለሁ።

ሻሽና ጫማ፣ ግብዣሽን ተቀብያለሁ። እሑድ 12 ሰዓት አጂፕ እመጣለሁ። ጅሬን ድረስ እንሞክር፤ ዳገቱን በእርምጃ። ቡና የሚቆሉትን እናት ሰላም ማለት እፈልጋለሁ። ስልክ አልይዝም፤ ትንሽ ካረፈድኩ ጥላችሁኝ እንዳትሄዱ።