ጣልያን ያላችሁ፣ የድሮ ካርታ የምታምኑበት ቦታ ጠቁሙኝ

ሳባ ከሮም፦ ሰላም ቤተሰብ! አጎቴ ጡረታ ሊወጡ ነው፤ 35 ዓመት ታሪክ አስተምረዋል። በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጾ የታተመ የድሮ የሮም ሥዕል ወይም ካርታ ልሰጣቸው አሰብኩ። ቬኒሳዊው ኮሮኔሊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያወጣው የአቢሲኒያ ካርታ ቢገኝማ እንዴት ደስ ባለኝ! በጀቴ 300 ዩሮ ነው። የት ልሂድ?

የሮም ልጅ፦ ፎንታኔላ ቦርጌዜ አደባባይ፣ የሕትመት ገበያው። ሌላ ቦታ አትድከሚ። እኔ ከአንድ ሽማግሌ 12 ዓመት ገዝቻለሁ፣ አንድ ቀን አላሳፈሩኝም።

ምንትዋብ፦ እኔን ያየ ይቀጣ! ሌላ ገበያ ውስጥ 180 ዩሮ ከፍዬ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊ የፒራኔዚን የኮሎሲየም ሥዕል ገዛሁ። ቤት ገብቼ በማጉያ መነጽር ሳየው መስመሩ ሁሉ ጥቃቅን ነጠብጣብ ነው። ለካ የዘመኑ ማሽን ያተመው ኮፒ ኖሯል። ስመለስ ሻጩ «አላውቅሽም» አለኝ።

ቶሪኖ፦ ደረሰኝ አልያዝሽም?

ምንትዋብ፦ አልያዝኩም፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

የሮም ልጅ፦ ከኔ ሽማግሌ ብትገዢ ይሄ አይደርስብሽም ነበር።

ሚላን፦ ፍሬም ከፈለግሽ ቤቴ አጠገብ ጎበዝ አናጺ አለ፣ በሁለት ቀን ያደርስልሻል።

ቶሪኖ፦ ልጅቷ ካርታ ጠየቀች፣ አንተ ፍሬም። እናንተ ሰፈር እንጀራ የጠየቀ ሰው ምጣድ ነው የሚሰጠው?

የወረቀት ወዳጅ፦ ሳባ፣ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። መጀመሪያ ከፍሬሙ አውጥተው ያሳዩሽ። የመዳቡ ሰሌዳ ወረቀቱን በኃይል ስለሚጫነው በሥዕሉ ዙሪያ የገባ ጠርዝ ይተዋል፣ በጣትሽ ዳብሺው። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሺው። የዚያን ጊዜ ወረቀት በእጅ፣ በሽቦ ወንፊት ላይ ስለሚሠራ ውስጡ የሽቦው መስመር ይታያል። ፒራኔዚ ላይ ደግሞ በጣም ተጠንቀቂ። እሱ በ1778 ቢሞትም በሰሌዳዎቹ መታተሙ ቀጥሏል፤ ሰሌዳዎቹ ዛሬም እዚያው ሮም፣ ትሬቪ ፏፏቴ አጠገብ ባለው የሕትመት ተቋም አሉ። ስለዚህ ሰሌዳው እውነተኛ ሆኖ ወረቀቱ ከሰሌዳው በመቶ ዓመት ሊያንስ ይችላል። ዓመቱን ደረሰኝ ላይ አስጽፊ። ለኮሮኔሊ 300 ያጥራል። ጁዜፔ ቫዚን ፈልጊ፤ ከ1747 እስከ 1761 ሮምን በር በበሩ፣ አደባባይ በአደባባዩ አሥር የሥዕል መጽሐፍ አድርጎ ያወጣ ሰው ነው። ታሪክ አስተማሪ ይወደዋል።

ሳባ ከሮም፦ እግዜር ይስጥልኝ! ቅዳሜ ማጉያ ይዤ እወጣለሁ።

የሮም ልጅ፦ እኔ ሽማግሌ ጋ ማጉያ አያስፈልግም።

ምንትዋብ፦ ያስፈልጋል! ሳባ፣ ይዘሽ ሂጂ።